ድንቹ ከአሰላ ሲነሣ፣ ቁጥሩ አዲስ አበባ ሲደርስ

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያልተጻፈ የርስት ክፍፍል አለ፤ ቃል ለአርትስ ፋኩልቲ፣ ቁጥር ለሳይንስ ፋኩልቲ ተደልድሏል። እኛ የቃል ባለርስቶች አንድ ዜና መዋዕል በእጃችን ሲገባ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ዐይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ ከተጻፈስ በኋላ በስንት ገልባጭ እጅ አለፈ ብለን ካልጠየቅን መምህሮቻችን አይምሩንም። ቁጥር ፊት ስንቀርብ ግን ጌታውን እንዳየ አሽከር ጎንበስ ብለን እናሳልፈዋለን። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ «ድንች፣ በ100 ግራም፣ ቫይታሚን ሲ ይህን ያህል ሚሊግራም» ተብሎ ሲገኝ፣ ይህ ድንች የማን ነበር፣ የት ተቈፈረ፣ እስኪመረመር ድረስ የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ልንጽፍበት የተነሣነው ነገር ይኸው ነው፤ ማለት ድንችና ሌላው ሥራ ሥር ለምርመራ ከተወሰደበት ሰዓት አንሥቶ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀርብ ድረስ በውስጡ ያለው ምግብነት እንዳይጠፋ በበረዶ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው። አንዳንድ አንባብያን «የአርትስ ተማሪዎች ከመቼ ወዲህ የፍሪዘር ዘበኛ ሆኑ?» ብለው እንደሚሥቁብን እናውቃለን። ይሣቁ። የምንከራከርበት ሐሳብ ግን አጭር ነው፤ የናሙናው ጉዞ ያልተጻፈለት ቁጥር ምንጩ እንዳልታወቀ ወሬ ነውና እንደ ማስረጃ ልንቀበለው አይገባንም፤ ጉዞውን ማሳጠርና መጻፍም በአሁኑ አቅማችን የሚቻል ነገር ነው።

ስለ አርሲ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አርሲ ሲባል ሁሉም ስንዴና ገብስ ትዝ ይለዋል። ነገር ግን ከጭላሎ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ በቆጂ፣ በምዕራብ አርሲም በኩል እስከ ኮፈሌና ሻሸመኔ ድረስ ድንች የብዙ ቤት መሠረት ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ በ1858 ገደማ ነው ይባላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው የምንጽፋቸው)። እንግዳ ሆኖ ቢገባም ዛሬ ባለቤት ሆኗል። እህሉ ገና ሳይታጨድ፣ ጎተራው ጠርጎ ባለቀበት በክረምቱ ወራት፣ በሦስትና በአራት ወር የሚደርሰው ድንች ነው ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው። የስንዴ ቂጣና የገብስ ገንፎ ቫይታሚን ሲ የላቸውም፤ ድንች ግን አለው፤ አዲስ የተቈፈረ ድንች በ100 ግራም ወደ 20 ሚሊግራም ገደማ ይዞ ይገኛል። ይህም ቫይታሚን ድድን ከመድማት ከማዳኑ በላይ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ ለደጋው ልጅና ለነፍሰ ጡሯ እናት ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም። ለትምህርት ቤት ምሳ ምን ይቅረብ፣ ለየትኛው የድንች ዝርያ ዘር ይባዛ፣ የትኛው ወረዳ ምን ይጎድለዋል እየተባለ በየቢሮው ውሳኔ ሲሰጥ፣ ሰነዱ ላይ የሚቀመጠው ይኸው ቁጥር ነው።

የመለካቱ ሥራ በአገራችን ዕድሜ አለው። በስዊድን ርዳታ የሕፃናት ምግብ ክፍል በ1962 ተቋቋመ፤ በ1968 ደግሞ ጉናር ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ለኢትዮጵያ የሚያገለግል የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አሳተሙ። ክፍሉ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ያ ሠንጠረዥ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ሐኪሙም ሆነ አስተማሪው የሚያመሳክረው የሌላ አገር ምግብ ነበርና። በዚያው ዘመን፣ በ1967፣ ከዚያው ከስዊድን በተገኘ ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለት ካዱ፣ በአሰላ ተቋቋመ። የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ካዱን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ካዱ በሚገባ ይቈጥር ነበር፤ ማዳበሪያው ስንት፣ ምርጥ ዘሩ ስንት፣ ከአንድ ሄክታር የተገኘው ኩንታል ስንት እንደ ሆነ በየዓመቱ ተጽፏል። ኩንታሉም በእውነት ጨምሮ ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሡት። ስለ ኩንታሉ የተጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ግን ኩንታሉን ማን እንደ በላው የኩንታሉ ቁጥር አይናገርም። በሥራ ሥር ምርመራም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ሳይሆን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ ጎዶሎነቱም በቁጥሩ ፊት ላይ አይታይም።

ለዚህ ከራሳችን ጓዳ የተገኘ ምስክር አለ። ለብዙ ዓመታት ጤፍ በብረት የበለጸገ እህል ነው እየተባለ ተነግሯል፤ ቁጥሩም ከሌላው እህል እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በኋላ ግን፣ በ1980 የወጣውን ጥናት ጨምሮ፣ ነገሩ ሲመረመር ከዚያ ብረት አብዛኛው በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ሆኖ ተገኘ። ጤፍ ብረት የለውም ማለታችን አይደለም፤ የቁጥሩ ትልቅ ክፍል ግን የአውድማው ነበር። የአርሲም ቀይ አፈር በድንች ልጣጭ ላይ ተጣብቆ ሲመጣ እንዲሁ የድንች ብረት ሊባል ይችላል።

አሁን ወደ ድንቹ እንግባ። አንድ ሙሉ ያልተላጠ ድንች ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በጆንያ ውስጥም ሆኖ ይተነፍሳል፣ ምግቡንም በቀስታ ይበላል። በጥቂት ወራት ቆይታ ከቫይታሚን ሲው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ለሳምንት በቀዝቃዛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ስኳሩን ሊለካ የፈለገ ሰው ባገኘው ቁጥር ድንቹን ሳይሆን ማቀዝቀዣውን ለካ ማለት ነው። በቢላዋ ከተቈረጠ ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። በሕያው ድንች ውስጥ ኤንዛይም የሚባሉት ሠራተኞችና ቫይታሚኑ በተለያየ ክፍል ታጥረው ይኖራሉ። ቢላዋ አጥሩን ሲያፈርስ ይገናኛሉ፤ አየርም ይገባል፤ ቫይታሚኑ መቃጠል ይጀምራል። የተላጠ ድንች በሳሕን ላይ ሲጠቁር የምናየው የዚህ ዓይነቱን መገናኘት ነው።

«እንግዲያውስ ፍሪዘር ውስጥ እናግባው» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ስለታማም ይሆናል። ድንች ደግሞ ከመቶው 80 ያህሉ ውሃ ነው። ሙሉ ድንች በቤት ፍሪዘር ውስጥ በቀስታ ሲበርድ ትልልቅ የበረዶ ስለት ይሠራል፤ ስለቱም የድንቹን ክፍልፋይ ሁሉ ይቀድዳል። ቢላዋ ከውጭ ያፈረሰውን አጥር በረዶ ከውስጥ ያፈርሰዋል። በረዶ እስከ ሆነ ድረስ ጥፋቱ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ያልበረደ ጥቂት ውሃ በውስጡ ስለሚቀር ኤንዛይሞቹ እያነከሱ ይሠራሉ። ሲቀልጥ ግን የታሰረው ሁሉ አንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጥሬ ድንች ፍሪዘር ውስጥ ረስታ ያወጣች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው፤ ጥቁር ውሃ ያለቅሳል፣ ይላሽቃል። ያንን የቀለጠ ነገር ፈጭቶ መመርመር፣ ምስክሩን ከገደሉ በኋላ ቃሉን እንደ መቀበል ነው።

ታዲያ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት ሌላ ነው። ድንቹን በፍጥነት ያጥባሉ፣ አይዘፈዝፉትም። ከአንድ ድንች ሳይሆን ከብዙ ድንች፣ ከእያንዳንዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመቱ ከፍለው ተቃራኒዎቹን ሩቦች ይወስዳሉ፤ የልጣጩ አጠገብና የመሀሉ ይዘት አንድ አይደለምና። ይመዝናሉ። ወዲያው በትንንሹ ከትፈው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጨምሩታል፤ ውሃው ትልቅ ስለት ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። በዚያው በበረዶነቱ ይፈጩታል፤ ዱቄቱንም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ያኖሩታል። ለቫይታሚን ሲ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጨርሶ ለነገ አለማቆየት ነው፤ የተከተፈውን ወዲያው በሜታፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ መፍጨት። አሲዱ ኤንዛይሞቹን ያስራቸዋል፤ ቫይታሚኑ እንዳለ ይቀራል። ውሃውን ከበረዶነቱ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ለውጦ ናሙናውን የሚያደርቅ መሣሪያም አለ፤ ለማዕድንና ለፕሮቲን እጅግ የተመቸ ነው። ካሮት የሆነ እንደ ሆነ ከብርሃንም መሰወር ያስፈልጋል፤ ቢጫ ቀለሙ፣ ማለት ካሮቲን፣ ብርሃንና አየር ይጎዱታልና። ብረትና ዚንክ ብርዱ ቢጨምርም ቢቀንስም አይጠፉም፤ የእነርሱ ጠላት አፈርና ሲቀልጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው።

ስለ ውሃው ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያታልለው እርሱ ነው። 100 ግራም ድንች 20 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይዞ ወደ ፍሪዘር ገባ እንበል። ፌስታሉ በደንብ ስላልታሰረ 10 ግራም ውሃ አጣ፤ (በፌስታሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ አመዳይ ከሌላ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ከራሱ ከድንቹ የወጣ ነው)። በዚያው ጊዜ ከቫይታሚኑ 2 ሚሊግራም ጠፋ። አሁን የቀረው 90 ግራም ድንች ውስጥ 18 ሚሊግራም ነው። በ100 ግራም ሲሰላ ስንት ይመጣል? ልክ 20! ከቫይታሚኑ አንድ አሥረኛው ተሰርቋል፤ መዝገቡ ግን ሙሉ ነው ይላል። ሌባውና ዘበኛው ተስማምተው ያደሩበት ቤት ማለት ይህ ነው። ሲገባና ሲወጣ ያልተመዘነ ናሙና ይህን ምሥጢር አያወጣም።

ተቃራኒውም ሐሰት አለ። በቀድሞው ዘዴ፣ አሁንም በብዙ ላቦራቶሪ በሚሠራበት፣ ቫይታሚን ሲ የሚለካው ባለ ቀለም ፈሳሽ በጠብታ በመጨመር ነው፤ ቫይታሚኑ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ቀለሙ መጥፋቱን ሲያቆም ጠብታው ይቈጠራል። ይህ ዘዴ የሚያየው ገና ያልተቃጠለውን ቫይታሚን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ የተቃጠለው ግን ሰውነታችን መልሶ ሊጠቀምበት የሚችል ነው፤ ጠብታው ግን አያየውም። ስለዚህ በመንገድ የዋለ ድንች ከሆነው በላይ ድሃ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንዱ ስሕተት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል፤ ማንኛው እንደ በረታ የሚያውቀው የናሙናውን ውሎ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ውሎው ምን ይመስላል? ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ የተነሣ መኪና በቁሉምሳ፣ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ ሙቀት ይወርዳል፤ ከአዳማ ደግሞ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ብርድ ይወጣል። በካርቶን የታሸገ የተቈረጠ ድንች በአንድ ቀን ደጋና ቆላ አይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ዓርብ ማታ ከደረሰ ሰኞን ይጠብቃል። የመብራቱን ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሙሉ የሆነና ያልተከፈተ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋ ሁለት ቀን ያህል በረዶውን ይዞ ይቆያል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ግን አንድ ቀን ያህል ብቻ። መብራቱ ሲመለስ የቀለጠው ተመልሶ ይበርዳል፤ ማንም ሰው አይቶ አይለየውም።

ባለፈው ዕረፍት ከመካከላችን ሦስታችን አሰላ ገበያ ወጥተን ነበር። አንዲት እናት ድንች በመደብ በመደብ ደርድረው ይሸጣሉ።

«እማማ፣ ድንቹ መቼ ተቈፈረ?» ብንላቸው፣

«ይኸኛው ትናንት ማታ፣ ያኛው የባለፈው ሳምንት ነው። ልጣጩን በአውራ ጣታችሁ እሹት እንጂ ልጆቼ፣ እጅ የላችሁም?» አሉን።

ብናሸው እውነትም የትናንቱ ልጣጭ ተገፈፈ፤ የሳምንቱ ግን ደርቆ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ላቦራቶሪ ለመጎብኘት ተፈቅዶልን ገባን። ፍሪዘሩ ሲከፈት ከላይ የለስላሳ ጠርሙሶች፣ ከሥር በፌስታል የታሰሩ ናሙናዎች አየን። በአንዱ ፌስታል ላይ «ድንች 3» ተብሎ በብዕር ተጽፏል፤ ቀን የለም፣ ቦታ የለም፣ ዝርያ የለም፤ ቀለሙም በአመዳዩ ርሶ ፈስሷል። መቼ እንደ መጣ ብንጠይቅ የሚያውቀው ሰው ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መሄዱ ተነገረን። ገበያ ላይ ተቀምጠው የሚሸጡት እናት የድንቹን ዕድሜ ያውቃሉ፤ የተማረው ፍሪዘር ግን አያውቅም!

«መሣሪያ የለም፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ገጠር ውስጥ ከየት ይመጣል?» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እንጠብቃለን። ይህ መልስ በሌላ ቦታ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ በአርሲ ግን አይሠራም። ከብትን በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀል አገልግሎት በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው በ1967 ነው። ዛሬ የማዳቀል ባለሙያው የኮርማውን ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ጋን መሳይ ዕቃ ውስጥ ይዞ እስከ ባላገሩ በረት ድረስ ይሄዳል። ዕቃው ክዳኑን ዘግቶ ብርዱን ለብዙ ቀን የሚይዝ ነው፤ መብራት አይፈልግም። እንግዲህ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደ አርሲ መንደር መግባቱን ከተማረ ብዙ ዘመን ሆኗል። ለፈረንጅ ላም ክልስ የተፈቀደው ብርድ ለድንች የተከለከለው በየትኛው ሕግ ነው? የግብርና ሰዎች ከብቱና ሥራ ሥሩ በተለያየ ክፍል የተመደቡ ስለ ሆኑ አንዱ የሌላውን ጋን አያይም፤ ችግሩ የናይትሮጅን ሳይሆን የቢሮ ግድግዳ ይመስለናል።

ሌላም ክርክር ይቀርብብናል፤ እርሱ ከፊተኛው የከበደ ነው። «ባላገሩ ጥሬ ድንች አይበላም፤ ቀቅሎ ነው የሚበላው። ድስቱ ራሱ ቫይታሚኑን ከሚያጠፋው በላይ ፍሪዘሩ ምን ያጠፋል? ሕዝብ በተራበበት አገር ስለ ሁለት ሚሊግራም መጨቃጨቅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ክፍል እንቀበለዋለን፤ እንዲያውም ለሐሳባችን ይረዳል። ከጥሬው ጎን ከነልጣጩ የተቀቀለውም ናሙና ሊወሰድ ይገባል፤ የሚበላው እርሱ ነውና። የተቀቀለ ድንች ኤንዛይሞቹ በእሳቱ ስለ ሞቱ በፍሪዘርም ውስጥ ከጥሬው ይልቅ ይታመናል። ሁለተኛውን ክፍል ግን አንቀበልም። ቁጥሩ የሚፈለገው አንድን ድንች ለማመስገን ሳይሆን ሁለት ድንቾችን ለማወዳደር ነው። ከሆለታ የምርምር ማዕከል ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ተለቅቀዋል፤ ባላገሩም የቆየ የራሱ ዝርያ አለው። ከእነዚህ አንዱ በሁለት ሰዓት፣ ሌላው በሁለት ቀን ላቦራቶሪ ቢደርሱ ተወዳድረው አሸናፊ የሚሆነው ዝርያው ሳይሆን መንገዱ ነው። የሩቅ ወረዳ ዝርያ ሁልጊዜ ይሸነፋል። የሩቅ ወረዳ ሰው ሁልጊዜ ሲሸነፍ አይተናልና ድንቹ እንኳ ይተርፍ።

በሲድኒ ኦሎምፒክ በ2000 የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ለ27 ደቂቃ ከ18.29። ያን ዕለት ማንም «ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ምን ያደርጋል?» አላለም። ሁለቱም ከአንድ መሥመር፣ በአንድ ተኩስ ተነሥተው ስለ ነበር ትንሿ ልዩነት እውነት ሆነች። ድንቾቹም ከአንድ መሥመር ይነሡ ነው የምንለው።

ስለ ብርድ የሚነገር ሌላ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። «በቆጂ ራሷ ፍሪዘር ናት» እያሉ የሚቀልዱ የአርሲ ጓደኞች አሉን። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ድንችን ሌሊት ለውርጭ፣ ቀን ለፀሐይ እየሰጡ፣ ውሃውን በእግራቸው ረግጠው እያወጡ፣ ለዓመታት የማይበላሽ ደረቅ ድንች ይሠራሉ፤ ቹኞ ይሉታል። ድንቅ ጥበብ ነው፤ ረኀብንም ያሸንፋል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ሲው አብዛኛው በዚያ መንገድ ይጠፋል። ለመብላት ማቆየት ሌላ፣ ለምስክርነት ማቆየት ሌላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የበቆጂ ውርጭ ለዘር ድንች ይመቸው ይሆናል፤ ለምርመራ ናሙና ግን ነፋሻ ሰገነት እንጂ ፍሪዘር አይደለም።

በበኩላችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው የናሙና ሥራ፣ ማለት ማጠቡ፣ መመዘኑ፣ መክተፉና በአሲድ ወይም በናይትሮጅን ማሰሩ፣ በእርሻው አጠገብ ይፈጸም። በአሰላ ከ2014 ጀምሮ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቁሉምሳም ቅርብ ነው። ድንቹ አዲስ አበባ መሄድ ካለበት ከታሰረ በኋላ ይሂድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በመኪናው ላይ ልናዘጋጀው የምናስበው ናሙና በመኪናው ላይ ይፈታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኛ የቃል ሰዎች ነው። የብራና ጸሓፊዎቻችን መጽሐፉን ሲፈጽሙ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ በማን ዘመን እንደ ተፈጸመ ያኖሩበት ነበር። ናሙናውም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይኑረው፤ ብርድ በማያጠፋው እርሳስ፣ ከውስጥም ከውጭም፤ የተቈፈረበት ቀንና ሰዓት፣ ቀበሌው፣ ባላገሩ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ለዝርያው የሰጠው ስም፣ ሲገባ የመዘነው፣ ወደ ብርዱ የገባበት ሰዓት፣ መብራት የጠፋበት ጊዜ፣ ያዘጋጀው ሰው ስም። ቁጥሩ ሲታተም ይህ ጽሑፍ አጥሮም ቢሆን ከጎኑ ይታተም። ዝርያዎቹን በየቋንቋቸው የሚመዘግብ ሰው ከጠፋ የቋንቋ ጥናት ተማሪዎች እዚሁ አለን፤ ለአበል አንጠይቅም፣ መሳፈሪያውን ግን ራሳችን አንችልም።

ገንዘብ እስኪመደብ ድረስ ዛሬ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። አንድ ኩባያ ውሃ በፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ አድርጎ በላዩ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው። ሳንቲሙ ከላይ ከተገኘ ደኅና፤ ከሥር ወርዶ በበረዶ ውስጥ ከተገኘ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ቀልጦ ኖሯል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የነበረው ወደ 10 ዲግሪ መውጣቱን ሳንቲሙ አይነግረንም፤ ለዚያ መዝጋቢ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። «ድንች 3»ን ግን ሊያጋልጠው ይችል ነበር።

የሳይንስና የግብርና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያርሙት ነገር ካገኙ በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን። ከመጻፋቸው በፊት ግን ፍሪዘራቸውን ይክፈቱና ከሥር ያለውን ፌስታል አውጥተው በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ፤ መልሳቸው ውስጥ ያንን ቃል በቃል ቢያስገቡልን ደስ ይለናል።